ከፌስታሉ በፊት የሚነሳው ጥያቄ

ክረምት ሲገባ ከየካ ተራሮች የሚወርደው ጎርፍ ጉርድ ሾላን ሲያቋርጥ ፌስታል ጠርጎ ቦይ ይደፍናል። ጥፋቱ የሚጥለው ሰው ብቻ ይመስላል፤ መነሻው ግን ፋብሪካው ነው።

ሕጉ ይህን ቀድሞ አይቶት ነበር። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊሜትርና ከዚያ በታች ለሆነ ፌስታል የማምረትም የማስገባትም ፈቃድ እንዳይሰጥ ከለከለ። ስሱ አንዴ ተይዞ ይጣላል፤ ወፍራሙ ደጋግሞ ያገለግላል። ሆኖም ስሱ ከሱቅ አልጠፋም። በ2017 ዓ.ም. ሌላ አዋጅ መጥቶ ክልከላውን አጠበቀው።

በዓለም ደረጃም መንገዱ ረጅም ነበር። አይኤስኦ 14001 በ1996 እ.ኤ.አ. ድርጅቶች የአካባቢ ጥበቃ ሥራቸውን በሥርዓት የሚመሩበትን መስፈርት አወጣ። የምርት ንድፍን ከዚሁ ሥርዓት ጋር ማዋሃጃው መመሪያ፣ 14006፣ የመጣው ግን በ2011 ነው።

የአገራችን በረባሶ ሠሪ መመሪያ አልጠበቀም፤ ካረጀ ጎማ ጫማ ቆረጠ። ቤተልሔም ጥላሁን በ1990ዎቹ መጨረሻ ዘነበወርቅ ላይ የመሠረተችው ሶል ሬብልስ ያንኑ ብልሃት ለውጭ ገበያ አበቃው።

ፌስታልን የሚተካው ዕቃ ገና ሲነደፍ መጨረሻው ካልታሰበበት፣ የሚቀየረው ቦይ የሚደፍነው ነገር ብቻ ነው።