የነፋስ ኃይል ከብሔራዊ የኤሌክትሪክ መረብ ጋር የሚቀናጅበት አሠራር

የነፋስ ኃይል ማመንጫ የሚሰጠው የኤሌክትሪክ መጠን ነፋሱን ተከትሎ ከሰዓት ሰዓት ይለያያል። ኤሌክትሪክ ደግሞ በመነጨበት ቅጽበት ጥቅም ላይ መዋል ስላለበት፣ ነፋሱ ሲረግብ ጉድለቱን ወዲያው የሚሸፍን ምንጭ ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ይህን ድርሻ በዋናነት የሚወጡት የውሃ ኃይል ማመንጫዎች ናቸው። አዳማ አንድ (51 ሜጋ ዋት)፣ አዳማ ሁለት (153 ሜጋ ዋት) እና በመቀሌ አቅራቢያ የሚገኘው አሸጎዳ (120 ሜጋ ዋት) በሚያመነጩበት ሰዓት ከግድቦች የሚለቀቀውን ውሃ መቀነስ ይቻላል። የተቆጠበው ውሃ ነፋሱ ሲዳከም፣ ወይም ምሽት ላይ ምጣድና ምድጃ በብዛት ሲበራ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ተርባይን ያንቀሳቅሳል። ወቅቱም ያግዛል፤ ነፋሱ የሚበረታው ወንዞች በሚጎድሉበት በበጋ ነው።

እንደ ዴንማርክ ባሉ ቀዝቃዛ አገሮች ትርፍ የነፋስ ኤሌክትሪክ ውሃ ለማሞቅ ይውላል፤ ሙቅ ውሃውም በትላልቅ ታንከሮች ተከማችቶ በከተማ መስመር ቤቶችን ያሞቃል። የኢትዮጵያ ከተሞች እንዲህ ያለ መስመር ስለሌላቸው ማከማቻቸው ግድብ ነው።

ይህ ቅንጅት የሚያቃልለው የማመንጨት እጥረትን ነው። በአካባቢ ትራንስፎርመር ወይም በማከፋፈያ መስመር ብልሽት የሚደርስ መቋረጥ ከነፋሱ ጋር ግንኙነት ስለሌለው፣ ተገልጋዮች በአቅራቢያቸው ለሚገኘው የኤሌክትሪክ አገልግሎት ማዕከል ሊያሳውቁ ይገባል።