የቪሌላ ራስ ቅል

ሰው ስለ ምን ይበድላል? ወንጀል ከደም ጋር የሚወረስ ነውን ወይስ ከኑሮ የሚበቅል? በ19ኛው መቶ ዓመት ይህ ጥያቄ ከሰባኪዎችና ከዳኞች አልፎ በሐኪሞች እጅ ገባ። ከእነዚህም መካከል ስሙ እጅግ የገነነው ኢጣሊያዊው ቼዛሬ ሎምብሮዞ ነበር።

ኢጣሊያ እ.ኤ.አ. በ1861 አንድ መንግሥት ስትሆን ለደቡቡ ጭቁን ገበሬ የደረሰው መሬት ሳይሆን ግብርና የግዴታ ውትድርና ነበር። ብዙዎች ሸፈቱ፤ መንግሥትም በ1863 የፒካን ሕግ አውጥቶ ሽፍቶችን ለጦር ፍርድ ቤት አሳልፎ ሰጠ። ሎምብሮዞ በ1862 የጦር ሐኪም ሆኖ ካላብሪያን ያየው በዚሁ የሁከት ዘመን ነው።

በ1864 ጁዜፔ ቪሌላ የተባለ የካላብሪያ አረጋዊ እስረኛ ፓቪያ ውስጥ ሞተ። ሎምብሮዞ የራስ ቅሉን ሲመረምር፣ በኋለኛው ክፍል በውስጥ በኩል፣ በሌሎች ሰዎች ዘንድ ጉብታ በሚገኝበት ስፍራ ጎድጓዳ አገኘ። ከዚህ ተነሥቶ ወንጀለኛ በሠለጠነ ዘመን ዳግም የተወለደ ጥንታዊ ፍጡር ነው አለ። በ1876 ባሳተመው መጽሐፍም የመንጋጋን ስፋት፣ የክንድን ርዝመት፣ ንቅሳትንና ጸጸት ማጣትን የወንጀለኛነት ምልክት አድርጎ ዘረዘረ።

ወንጀል በአጥንት ውስጥ ካለ ግን ባለርስቱም ግብሩም ረኃቡም ከክስ ነጻ ይወጣሉ። ተከታዩ አልፍሬዶ ኒቼፎሮ በ1898 የደቡቡን ሕዝብ የበታች ዘር አድርጎ አቀረበ። አንቶኒዮ ግራምሺ በ1926 ስለ ደቡቡ ጥያቄ ሲጽፍ ያጋለጠው ይህንኑ በሳይንስ ስም የተሸፈነ ንቀት ነው።

የሚያሳዝነው፣ ሎምብሮዞ የድኾች ጠላት አለመሆኑ ነው። ገበሬውን የሚፈጀውን የፔላግራ በሽታ ከተበላሸ በቆሎ ጋር አያይዞ ባለርስቶችን አስቆጥቷል፤ በኋላም ሶሻሊስት ሆኗል። ቀና ልቡና ግን ከተሳሳተ ሚዛን አላዳነውም።

ተቃውሞው አልዘገየም። በ1885 በሮም ጉባኤ ፈረንሳዊው አሌክሳንድር ላካሳኝ ወንጀለኛን በጀርም መሰለው፤ የሚያራባው ኅብረተሰብ ካልተገኘ ጀርሙ ብቻውን ከንቱ ነው ሲል ተከራከረ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ጎሪንግም ወደ 3,000 የሚጠጉ እስረኞችን ለክቶ ከተማሪዎችና ከወታደሮች ጋር ካነጻጸረ በኋላ፣ የተለየ የወንጀለኛ አካል የሚባል ነገር እንደሌለ በ1913 አስታወቀ። ይሁንና ጎሪንግ ራሱ የውርስን ሐሳብ ፈጽሞ አልተወም፤ ከአጥንት ወደ አእምሮ አዛወረው እንጂ።

ቪሌላስ? የኋላ ዘመን ተመራማሪዎች መዛግብቱን ሲፈትሹ ያገኙት አስፈሪ ሽፍታ ሳይሆን ተራ ሌባ ነበር። የትውልድ መንደሩ ሞታ ሳንታ ሉቺያ አጽሙ እንዲመለስለት ቢከስም፣ በ2019 የኢጣሊያ ሰበር ፍርድ ቤት ሳይፈቅድለት ቀረ። ራስ ቅሉ በቶሪኖው ሙዚየም ይገኛል። በ1909 የሞተው የሎምብሮዞ አጽምም በራሱ ኑዛዜ በዚያው ቆሟል። ሁለቱን አጽሞች የሚመለከት ሰው የመርማሪውን ዝና እንጂ የተመርማሪውን ሕይወት አያገኝም፤ ያን ሕይወት በጊዜው የጠየቀ አልነበረምና።