ሪኮል ምንድን ነው? መኪናችን ለጥገና ሲጠራ ማወቅ ያለብን

ሪኮል (በዕብራይስጥ «ክሪአ ሆዜሬት») ማለት በአንድ ዓይነት መኪኖች ላይ ለሕይወት የሚያሰጋ የአሠራር ጉድለት ሲገኝ፣ መኪኖቹ ወደ ጋራዥ መጥተው እንዲጠገኑ የሚተላለፍ ጥሪ ነው። ጥፋቱ የፋብሪካው እንጂ የነጂው ስላልሆነ ባለቤቱ ለጥገናው አይከፍልም። መኪናው በሁለተኛ ወይም በሦስተኛ እጅ የተገዛ ቢሆንም ጥሪው ይመለከተዋል፤ ጥሪው የወጣው ለመኪናው ነውና።

ሪኮል ከሚያስከትሉት ጉድለቶች መካከል የብሬክና የመሪ ችግር፣ የነዳጅ መፍሰስ፣ እሳት ሊያስነሳ የሚችል የኤሌክትሪክ ሽቦ፣ የማይቆልፍ የደህንነት ቀበቶና የኤርባግ ብልሽት ይገኙበታል።

የታካታ ኤርባግ

በመኪና ታሪክ ከታዩት ሪኮሎች ትልቁ የጃፓኑ የታካታ ኩባንያ የሠራቸው ኤርባጎች ናቸው። ኤርባግ በግጭት ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ መነፋት አለበት። ለዚህም በመሪው ወይም በዳሽቦርዱ ውስጥ ባለ ትንሽ የብረት ዕቃ ውስጥ የታሸገ ኬሚካል ተቀጣጥሎ ጋዝ ያመነጫል። ታካታ ለዚህ ሥራ የተጠቀመው በማዳበሪያነት የምናውቀውን አሞኒየም ናይትሬት ነው።

ይህ ኬሚካል እርጥበት ይስባል። ሙቀትና ቅዝቃዜ ለዓመታት ሲፈራረቁበት ደግሞ ይሰነጣጠቅና ይፈረፈራል። የተፈረፈረው ኬሚካል ከሚገባው በላይ በፍጥነት ስለሚነድ የብረት ዕቃው ግፊቱን መቋቋም አቅቶት ይፈነዳል። ስብርባሪው እንደ ጥይት ወደ ነጂው አንገትና ፊት ይወረወራል። በቀላል ግጭት ሕይወታቸው ያለፈ ሰዎች አሉ። ለማዳን የተሠራው ዕቃ ገዳይ ሆነ ማለት ነው።

የመጀመሪያው ሪኮል እ.ኤ.አ. በ2008 በሆንዳ ተጠራ፤ ወደ 4,000 የሚጠጉ መኪኖችን ብቻ ይመለከት ነበር። በ2009 በአሜሪካ ኦክላሆማ ግዛት አንዲት የ18 ዓመት ወጣት ሞተች። በ2015 የአሜሪካው ሪኮል ወደ 34 ሚሊዮን መኪኖች ሰፋ። በመላው ዓለም የተጠሩት ኤርባጎች ወደ 100 ሚሊዮን እንደሚደርሱ ይገመታል። በአሜሪካ ብቻ ከ25 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ኩባንያው የምርመራ ውጤቶችን አሳስቶ ማቅረቡን በ2017 አምኖ 1 ቢሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነበት፤ በዚያው ዓመትም ከሰረ።

አደጋው ሙቀትና እርጥበት ባለበት ቦታ፣ መኪናውም ባረጀ ቁጥር ይብሳል። ስለዚህ በባሕሩ ዳርቻ በሚገኙ የእስራኤል ከተሞች የሚቆሙ አሮጌ መኪኖች ባለቤቶች በተለይ መጠንቀቅ አለባቸው።

«መኪናዬ ደህና ነው» አይበቃም

እንዲህ ያለ ጉድለት ድምፅ አያሰማም። የኤርባጉ መብራት ባይበራም፣ መኪናው ቴስት ቢያልፍም፣ ኬሚካሉ ውስጥ ውስጡን ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል። የአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት በ2016 እንዳስታወቀው፣ ከ2001 እስከ 2003 የተሠሩ አንዳንድ የሆንዳና የአኩራ መኪኖች ኤርባግ በግጭት ጊዜ የመፈንዳት ዕድሉ እስከ 50 በመቶ ይደርሳል። ባለቤቶቹ እስኪጠገኑ ድረስ መኪኖቹን እንዳይነዱ ተነግሯቸዋል።

ምን እናድርግ?

• በትራንስፖርት ሚኒስቴር ድረ ገጽ ላይ የመኪናውን የታርጋ ቁጥር አስገብታችሁ ያልተሠራ ሪኮል እንዳለ አረጋግጡ። ኢንተርኔት የማይጠቀሙ ለአስመጪው ወይም ፈቃድ ላለው ጋራዥ (ሙሳኽ) ይደውሉ።

• ከአስመጪው የመጣ ደብዳቤ ማስታወቂያ ሊመስል ይችላል። ዕብራይስጥ ማንበብ የሚከብዳቸው እናትና አባት ካሉ፣ ልጆች ደብዳቤውን ሳይጥሉ ያንብቡላቸው።

• ቤት ከቀየራችሁ አድራሻችሁን አስተካክሉ፤ አለበለዚያ ደብዳቤው ወደ አሮጌው ቤት ይሄዳል።

• አሮጌ መኪና ከመግዛታችሁ በፊት ቁጥሩን ፈትሹ።

• መለዋወጫው ካልደረሰ፣ እስከዚያ መኪናውን መንዳት ይቻል እንደሆነ ጋራዡን ጠይቁ።

• ኤርባጉን ራሳችሁ አትፍቱ፤ ከተጣለ መኪና የወጣ ኤርባግም አትግዙ።

• ሥራው ሲያልቅ ሪኮሉ መሠራቱን የሚገልጽ ወረቀት ተቀብላችሁ አስቀምጡ።

ቁጥሩን መፈተሽ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ዛሬውኑ ፈትሹ፣ ለጎረቤትም ንገሩ።