ኬሞቴራፒ፦ ከተከዜ መርዝ እስከ ሕሙማን አልጋ

«ኬሞ እኮ መርዝ ነው» የሚለው አባባል ከአዲስ አበባ እስከ ደባርቅ ይሰማል። ሐሰት አይደለም፤ ግን ግማሽ እውነት ነው። የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም ባልሆንም፣ ታሪኩ ወደ ደጃችን ስለሚመልሰን ላውጋችሁ።

ጣሊያን የመርዝ ጋዝን የሚከለክለውን የ1925 (እ.ኤ.አ.) የጄኔቫ ፕሮቶኮል ፈርማ አጽድቃ ነበር። ሆኖም በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. ከስሜን ተራሮች ማዶ፣ በተከዜ ዳር በነበረው የራስ እምሩ ሠራዊት ላይ የሰናፍጭ ጋዝ ከአውሮፕላን ጣለች። መንግሥቷ በጦርነቱ ጋዝ መጠቀሙን በይፋ ያመነው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው።

ይህ ጋዝ ነጭ የደም ሴሎችን እንደሚያመናምን ሐኪሞች ቀድመው አስተውለዋል። እ.ኤ.አ. በ1942 የአሜሪካው ዬል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የጋዙን የቅርብ ዘመድ ናይትሮጅን መስታርድን ለአንድ የካንሰር ሕመምተኛ በደም ሥር ሰጡ። እብጠቱ ሟሸሸ፤ በሽታው ግን ተመለሰ። ዛሬም ለጡት ካንሰር የሚታዘዘው ሳይክሎፎስፋማይድ የዚሁ ቤተሰብ ነው።

መድኃኒቱ የሴሉን ዲኤንኤ አቆላልፎ እንዳይባዛ ያደርገዋል። ቶሎ የሚባዛ ጤነኛ ሴልም አብሮ ስለሚጎዳ ፀጉር ይረግፋል፤ የሰውነት መከላከያም ይዳከማል። መጠኑ ተለክቶ፣ ብዙውን ጊዜ በየ21 ቀኑ የሚሰጠው መቅኒ እንዲያገግም ነው። በመካከሉ ትኩሳት ከመጣ ሳይነጋ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ኬሞ የጅምላ ቅጣት ከሆነ፣ አዳዲሶቹ መድኃኒቶች ጥፋተኛውን ለይተው ይቀጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የተፈቀደው ኢማቲኒብ (ግሊቬክ) አንድ ዓይነት የደም ካንሰርን በየቀኑ በሚዋጥ ኪኒን የሚቆጣጠሩት ሕመም አድርጎታል። ትራስቱዙማብ የሚረዳው ሄር-2 የተባለው ፕሮቲን የበዛበትን ካንሰር ነው። ከፍርድ በፊት ማስረጃ እንደሚቀርብ ሁሉ፣ ከእነዚህ በፊትም የላቦራቶሪ ምርመራ ይቀድማል።

ከጨነቅ የተነሳ ሕመምተኛ ግን ደባርቅ ከደረሰ በኋላም፣ ኬሞ ወደሚሰጥበት የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ይቀረዋል። ይህንንም በየዙሩ ይመላለሳል። መንገድ ሲዘጋ ወይም የመሳፈሪያ ገንዘብ ሲያልቅ ዙር ይዘላል፤ ካንሰሩም ጊዜ ያገኛል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 መንግሥት ለጤና አገልግሎት እየጨመረ የሚሄድ ሀብት እንዲመድብ ያስገድዳል። በእኔ እምነት የሕመምተኛው መሳፈሪያና ማደሪያ እንደ መድኃኒቱ ሁሉ የሕክምናው አካል ተብሎ በጀት ሊያዝለት ይገባል።

ዘመድ ያላችሁም፣ «መርዝ ነው» ብሎ ዙሩን እንዳያቋርጥ አስረዱት። ቸር እንሰንብት።