ስለ ቤት ዕዳና ስለ ጓዳ ሥራ



የራስ የሆነ ቤት ማግኘት በከተማ ለሚኖርና በወር ደመወዝ ለሚተዳደር ሰው ሁሉ ታላቅ ምኞት መሆኑ የታወቀ ነው። ምኞቱም የተሳካ እንደ ሆነ ደስታና ዕዳ በአንድ በር አብረው ይገባሉ። የዕዳው ልክ፣ የወለዱ መጠንና የሚያልቅበት ዘመን በባንክ መዝገብ ተጽፎ ይገኛል። ነገር ግን ዕዳው ተከፍሎ እስኪያልቅ ድረስ ቤቱን ቤት አድርጎ የሚያቆየው የጓዳ ሥራ በየትኛውም መዝገብ አይጻፍም። ዛሬ የምንነግራችሁ የእነዚህን የሁለቱን፣ የተጻፈውንና ያልተጻፈውን ዕዳ ታሪክ ነው።

አባቶቻችን መሬትን በዋስትና ሰጥቶ መበደርን ያውቁ ነበር። ስሙም ወለድ አገድ ይባላል። ይኸውም ተበዳሪው መሬቱን ለአበዳሪው ያስረክባል፤ አበዳሪውም በወለድ ፈንታ የመሬቱን ፍሬ ይበላል፤ ዋናው ገንዘብ በተመለሰ ጊዜ መሬቱ ወደ ባለቤቱ ይመለሳል። በዚህ ሥርዐት ተበዳሪው ዕዳውን የሚከፍለው ከመሬቱ ተለይቶ ነው። የሚመግበው ማሳ በሌላ ሰው እጅ ሳለ ገንዘቡን ከሌላ ስፍራ ፈልጎ ማምጣት ግዴታው ነበር።

ሰው በቤቱ ውስጥ እየኖረ የዚያኑ ቤት ዕዳ ጥቂት በጥቂት እንዲከፍል የሚያደርገው ልማድ ግን በሌላ አገር አደገ። በእንግሊዝ አገር፣ በበርሚንግሃም ከተማ፣ ሪቻርድ ኬትሊ የተባለ የመጠጥ ቤት ባለቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1775 ዓ. ም. አንድ ማኅበር አቋቋመ። አባሎቹ በየወሩ ገንዘብ ያዋጡ ነበር፤ በመዋጮውም ለአባሎቹ በተራ ቤት ይሠራል። እንደዚህ ያሉት ማኅበሮች ሁሉም አባል ቤት ባገኘ ጊዜ ይፈርሱ ነበር። አንባቢ እንደሚያስተውለው ይህ አሠራር የእኛ የዕቁብ የቅርብ ዘመድ ነው። በአሜሪካም ቢሆን እስከ 1930ዎቹ ድረስ የቤት ብድር አብዛኛውን ጊዜ የጥቂት ዓመታት ብድር ነበር፤ ተበዳሪው በየጊዜው ወለዱን ይከፍልና ዋናውን ገንዘብ በመጨረሻ ቀን በአንድ ጊዜ ይጠየቅ ነበር። በ1929 ዓ. ም. የጀመረው ታላቁ የኢኮኖሚ ችግር በደረሰ ጊዜ ብዙ ቤተሰብ መክፈል እያቃተው ቤቱን አጣ። ከዚህም የተነሣ መንግሥቱ በ1933 እና በ1934 ዓ. ም. ሕጎችን አውጥቶ፣ ዋናው ገንዘብና ወለዱ ተደምሮ በየወሩ ለረጅም ዘመን የሚከፈልበትን ብድር አስፋፋ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1952 ዓ. ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለዚህ ነገር ልዩ ምስክር ነው፤ ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታትም በእኛ አቆጣጠር ናቸው። ይህ ሕግ በአንድ በኩል የማይንቀሳቀስ ንብረትን በመያዣ ሰጥቶ መበደርን በዘመናዊ መንገድ ሲደነግግ፣ ጥንታዊውንም ወለድ አገድ ሳይተው አጠገቡ አኖረው። በሌላ በኩል ደግሞ ባል የቤተሰቡ ራስ መሆኑን ደነገገ፤ ባል ለሚስቱ አገልጋዮች ሊያቆምላት ያልቻለ እንደ ሆነ የቤቱን ሥራ እርስዋ ራስዋ ልትሠራ ግዴታ እንዳለባትም ተጻፈ። እንግዲህ የመያዣው ዕዳና የጓዳው ሥራ በአንድ የሕግ መጽሐፍ ጥራዝ ውስጥ ተገናኙ። የመጀመሪያው በገንዘብና በጊዜ የተለካ ነበር፤ ሁለተኛው ግን ልክም ፍጻሜም አልነበረውም።

በዚያው ዘመን ለቁጠባና ለቤት መሥሪያ ብድር የቆሙ ድርጅቶች ነበሩ። በሐምሌ ወር 1967 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ለአንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ተፈቀደ። በ1968 ዓ. ም. እነዚያ የብድር ድርጅቶች ተዋሕደው የቤቶችና ቁጠባ ባንክ ተቋቋመ። ባንኩም በኋላ ኮንስትራክሽንና ቢዝነስ ባንክ ተብሎ ከቆየ በኋላ በ2008 ዓ. ም. ከኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ጋር ተቀላቀለ። ይሁን እንጂ አያሌ የከተማ ቤተሰቦች በአነስተኛ የቀበሌ ኪራይ ሲኖሩ ስለ ነበር፣ የረጅም ዘመን የቤት ዕዳ ወደ ብዙ ሰው ደጃፍ የደረሰው ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የጋራ መኖሪያ ቤቶች በተሠሩ ጊዜ ነው። በዕጣው ከመቶ 30 እጅ ለሴቶች ተለይቶ እንዲያዝ ተደረገ። በ2005 ዓ. ም. ምዝገባ ደግሞ 10/90፣ 20/80 እና 40/60 የሚባሉት ስሞች በየቤቱ ተለመዱ። ዕጣ የወጣላቸው አያሌዎች ወርኀዊው ክፍያ ስለ ከበዳቸው ቤቱን አከራይተው እነርሱ በርካሽ ኪራይ ሌላ ስፍራ መኖራቸው የሚታወቅ ነው። እነሆ፣ ከርስቱ ተለይቶ ዕዳውን የሚከፍለው የወለድ አገዱ ሰው ታሪክ በአዲስ መልክ ተመለሰ ማለት ይቻላል።

አሁን፣ አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ሒሳብ አብረን እንሥራ። የ20 ዓመት ዕዳ በየወሩ ቢከፈል 240 ጊዜ ይከፈላል። ለእያንዳንዱም ክፍያ ደረሰኝ አለው። በዚሁ 20 ዓመት ውስጥ በሳምንት ሁለት ጊዜ እንጀራ የሚጋገርበት ቤት ግን 2,080 ጊዜ ምጣድ ይጥዳል። ይህም ሊጡን ማቡካቱን፣ ወጡን መሥራቱን፣ ልብሱን ማጠቡን፣ ልጆቹን አጥቦና አልብሶ ትምህርት ቤት ማድረሱን፣ የታመመውን ማስታመሙን ሳይጨምር ነው። ለዚህ ሁሉ አንድ ደረሰኝ እንኳ የለም። ነገር ግን እንጀራው በቤት ባይጋገር ኖሮ ከገበያ ይገዛ ነበር፤ ልጁንም የሚጠብቀው ቤተሰቡ ባይሆን ኖሮ ለጠባቂ ደመወዝ ይከፈል ነበር። ስለዚህ በጓዳ የሚሠራው ሥራ ከወሩ ክፍያ ውስጥ ሳይታይ የሚገባ እውነተኛ ገንዘብ ነው።

ሥራው ግን በማን ትከሻ ላይ ነው ብለን ብንጠይቅ መልሱ አያስደስትም። ባልና ሚስት ሁለቱም ቢሮ ውለው ማታ ሲመለሱ አንደኛው ጋዜጣ ይዞ ይቀመጣል፤ ሁለተኛዋ መቀነቷን አጥብቃ ወደ ጓዳ ትገባለች። ደመወዝዋ ለባንኩ፣ ጉልበትዋ ለጓዳው ይውላል፤ ለራስዋ የሚተርፍ የለም። በአንዳንድ ቤትም ሸክሙ ከገጠር በመጣች የሰው ልጅ ላይ ይጫናል፤ እርስዋም ጎህ ሳይቀድ ተነሥታ ከሁሉ በኋላ ትተኛለች።

በ1992 ዓ. ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የባልን ራስነት አስቀርቶ ባልና ሚስት ቤተሰባቸውን በእኩልነት እንዲመሩ ደነገገ። የጋራ የሆነውን ቤት ለመሸጥም ሆነ በመያዣ ለመስጠት የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። ይህ ጉዳይ ቀላል አይደለም፤ በ1990 ዓ. ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 መሠረት ባንክ ዕዳው በጊዜው ካልተከፈለው፣ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ መያዣውን በሐራጅ ሊሸጥ ይችላልና። እንግዲያው በአደጋው ሁለቱም እኩል ከፈረሙ፣ በድካሙ አንደኛው ብቻ የሚፈርምበት ምን ምክንያት አለ? ሕግ አውጪው የባልን ራስነት ከመጽሐፉ ሊሰርዝ ይችላል፤ ማታ ማን ሳህን እንደሚያጥብ ግን ሊወስን አይችልም። ይህን የሚወስኑት ባለቤቶቹ ናቸው።

ስለዚህ፣ ክቡራን አንባቢያን፣ ምክራችን አጭር ነው። የብድሩን ውል በፈረማችሁበት ቀን ማታ ሌላ ወረቀት አውጡና የቤቱን ሥራ በዝርዝር ጻፉ፤ ከአጠገቡም የሠሪውን ስም አኑሩ። ወንድ ልጅም እንደ ሴት ልጅ ስሙ ይግባ። በጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ እንጀራ ለመጋገርና ልብስ ለማጠብ የተሠሩት የጋራ ቤቶች እንኳ ሥራ በኅብረት እንዲቀል ታስበው የተሠሩ ናቸው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላልና። የባንኩ ዕዳ 240 ጊዜ ተከፍሎ ያልቃል፤ ያልተጻፈው ዕዳ ግን ለአንድ ሰው ብቻ ከተተወ፣ ቤቱ የራሳችሁ በሆነ ቀን በውስጡ ደስ ብሎት የሚቀመጥ ሰው ሊጠፋ ይችላል።