የላምባ ምድጃ በትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ላይ

በባሕር ላይ ትኩስ ምግብ አብስሎ መብላት ለረጅም ዘመን የትልልቅ መርከቦች ዕድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1545 በሰጠመችው ሜሪ ሮዝ በተባለች የእንግሊዝ የጦር መርከብ ምግብ ይበስል የነበረው በመርከቧ ሆድ ውስጥ በጡብ በተገነቡ ምድጃዎች፣ በማገዶ ሲሆን፣ ይህን ክብደትና ይህን ያህል እንጨት የሚችል ስፍራ በትንሽ ጀልባ ላይ አይገኝም።

ሁኔታውን የለወጠው ስዊድናዊው ፍራንስ ቪልሄልም ሊንድክቪስት እ.ኤ.አ. በ1892 የሠራው ፕሪሙስ የተባለው የላምባ ምድጃ ነው። ምድጃው ክር የለውም፤ በእጅ ፓምፕ የገባ አየር ላምባውን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ ላምባውም አስቀድሞ በጥቂት አልኮል በጋለ ቱቦ ሲያልፍ ተንኖ በጠባብ ቀዳዳ ይወጣና ከአየር ጋር ተቀላቅሎ ጥቀርሻው እጅግ አነስተኛ የሆነ ሰማያዊ ነበልባል ይሰጣል።

የዚህ ምድጃ ታላቅ ፈተና የመጣው እ.ኤ.አ. በ1916 ሲሆን፣ መርከባቸው በበረዶ የተሰበረችባቸው ኧርነስት ሻክልተንና አምስት ባልደረቦቹ፣ 7 ሜትር በማትሞላው ጄምስ ኬርድ በተባለች ጀልባ ከኤሌፋንት ደሴት እስከ ደቡብ ጆርጂያ 1,300 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘዋል። በጀልባዋ ውስጥ ቀጥ ብሎ መቀመጥ ስለማይቻል፣ ምግብ በሚበስልበት ሰዓት ሁለት ሰዎች ጀርባቸውን በግራና በቀኝ አስደግፈው ፕሪሙሱን በእግሮቻቸው መካከል ይይዙት፣ ማዕበሉ በመጣ ቁጥርም ድስቱን እንዳይደፋ ብድግ ያደርጉት ነበር፤ ከሥጋና ከስብ የተዘጋጀውን ደረቅ ስንቅ በውኃ አፍልተውም በትኩሱ ይጠጡት ነበር። ለስድስቱ ሰዎች በሕይወት መትረፍ የዚያ ምድጃ ድርሻ ከሸራውና ከኮምፓሱ የሚያንስ አይደለም።

እነርሱ በእግራቸው የሠሩትን ሥራ በሌሎች ጀልባዎች የሚሠራው ጂምባል ነው፤ ይህም ምድጃውን ከግራና ከቀኝ በሁለት ዘንጎች ላይ አንጠልጥሎ፣ ጀልባዋ ስትጋደል ድስቱ ሳይጋደል እንዲቀር የሚያደርግ፣ ቀድሞ የመርከብ ኮምፓስ ይንጠለጠልበት የነበረ ዘዴ ነው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ቡታጋዝ ላምባን ከብዙ ጀልባዎች አስወጣው፤ ቅድመ ሙቀት ስለማይሻና ወዲያው ስለሚቀጣጠል ምቾቱ የሚካድ አይደለም። ይሁንና ጋዙ ከአየር ስለሚከብድ፣ ካፈተለከ ከወለሉ ሥር ይተኛል፤ ጀልባ ደግሞ ውኃ እንዳያስገባ የተደፈነ በመሆኑ ጋዙ መውጫ አያገኝም፤ ያኔ አንዲት ብልጭታ ጀልባውን ለማፈንዳት ትበቃለች። ሲሊንደሩ ወደ ውጭ በሚያፈስ ልዩ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠውም ስለዚህ ነው። ሌላው አማራጭ የሆነው አልኮል እሳቱ በውኃ የሚጠፋ መሆኑ ቢያስመሰግነውም፣ በኪሎ የሚሰጠው ሙቀት ከላምባው ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ከወደብ ርቆ ለብዙ ሳምንታት ለሚጓዝ ትንሽ ጀልባ፣ ለማቀጣጠል ትዕግሥት ቢጠይቅም፣ ላምባ ዛሬም ሊመረጥ የሚገባው ነው።