የእግር ደም ቅዳዎች፦ አንድ ሥራ፣ የተለያየ መንገድ

«የሰው አካል ደም ቅዳዎች አናቶሚ»
ሪቻርድ ኩዌይን (ጽሑፍ)፣ ጆሴፍ ማክሊስ (ሥዕል)
ለንደን፣ 1844 እ.ኤ.አ.
ሊቶግራፍ በወረቀት ላይ

የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የአናቶሚ መምህር ኩዌይን ከ1,000 በላይ አስከሬኖችን መርምረው የደም ቅዳዎችን አካሄድ መዘገቡ። የተለመደውን ብቻ ሳይሆን ከተለመደው የወጣውንም ለቀዶ ሐኪሞች አሳዩ። ቀዶ ሐኪም የነበሩት ማክሊስ በሥዕል አኖሩት።

በአብዛኛው ሰው የእግር ጀርባ ደም ቅዳ ከቅልጥም ፊት ወርዶ በቁርጭምጭሚት ላይ ያልፋል። ከአውራ ጣትና ከቀጣዩ ጣት በላይ ባሉት ረጃጅም አጥንቶች መካከል ወደ ውስጥ እግር ይጠልቅና እዚያ ካለው ደም ቅዳ ጋር ቅስት ይሠራል። በአንዳንዶች ግን ይህ ቧንቧ በጣም ይቀጥናል ወይም ጨርሶ አይገኝም፤ ሥራውን በቅልጥም ውጫዊ ጎን ከሚወርደው ደም ቅዳ የተነሣ ቅርንጫፍ ይረከባል።

ስለዚህ በእግር ጀርባ ላይ ትርታ አለመገኘቱ ብቻውን የበሽታ ማስረጃ አይሆንም፤ ሐኪም ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ኋላም ይዳስሳል። ዛሬ ከቅልጥም ቀጭን አጥንት ወስደው መንጋጋ የሚጠግኑ ቀዶ ሐኪሞችም የእግሩን ደም ቅዳዎች አስቀድመው ይመረምራሉ፤ ከአጥንቱ ጋር የሚወሰደው ደም ቅዳ የእግሩ ዋና መጋቢ ሊሆን ይችላልና።